ሙዚቃዊ ቴአትር ላይ አብሮ መዝፈን ነውር ነው እንዴ?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ከታናሽ እህቴ ጋር ሙዚቃዊ ቴአትር ልናይ ነው። እኔ አይቼ አላውቅም። እሷ ደግሞ ዘፈኖቹን ሰምታ ሰምታ ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ይዛቸዋለች፣ ልብስ ስታጥብ እንኳ ሁለቱንም ገጸ ባሕርያት ሆና ነው የምትዘፍነው። አዳራሽ ውስጥ አፏን ልያዝ ወይስ ልተዋት? የሚጨበጨበውስ መቼ ነው? ደግሞ ማስታወቂያው ላይ «ተመልካችን ያሳትፋል» ይላል። እኔን መድረክ ላይ ከሚጠሩኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ይሻለኛል። ቪዲዮስ? አንድ ደቂቃ ብቻ?

ኋላ ወንበር፦
ያዢያት! ባለፈው አንዲት ሴትዮ ከኋላዬ ተቀምጣ መጋረጃው ከተከፈተ እስኪዘጋ ዘፈነችው። ድምጿ መጥፎ ነበር አልልም። ግን ዋናዋ ተዋናይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ልታስለቅሰን ስትል እኔ የምሰማው የኋላዬን ነው። ሁለት ጊዜ ዞር ብዬ ገላመጥኳት። የወደድኩላት መስሏት ፈገግ አለችልኝ።

ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ2023 እንግሊዝ ውስጥ ማንችስተር ላይ «ዘ ቦዲጋርድ» የተባለው ሙዚቃዊ ቴአትር ሲታይ ተመልካቾች የመጨረሻውን ትልቅ ዘፈን ከዘፋኟ በላይ እየጮኹ አናቆምም ስላሉ ቴአትሩ ሳያልቅ ተቋርጧል፣ ፖሊስም ገብቶበታል። ያ ሁሉ ሰው የከፈለው የጎረቤቱን ድምፅ ሊሰማ አልነበረም።

አትጨናነቁ፦
ኋላ ወንበር፣ አንተ ደግሞ አበዛኸው። ሁሉም ቴአትር ቤተ መጻሕፍት አይደለም። «ዘ ሮኪ ሆረር ሾው» የሚባለው ሙዚቃዊ ቴአትር እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የሚታይ ነው፣ እዚያ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ነው እንግዳ የሚመስለው። ከመድረኩ አንድ ቃል ሲወጣ ከታች መልስ ይወረወራል፣ ልማዱም የመጣው ቴአትሩ ፊልም ከሆነ በኋላ ከፊልሙ የእኩለ ሌሊት ትርኢቶች ነው። ሌላም አለ። እንግሊዛዊው ደራሲ ዲክንስ «የኤድዊን ድሩድ ምሥጢር» የተባለውን ልብ ወለዱን ሳይጨርስ በ1870 ሞተ። በ1985 ወደ ሙዚቃዊ ቴአትር ሲቀየር ታዲያ ገዳዩ ማን እንደሆነ ተመልካቹ በድምፅ ብልጫ እንዲወስን ተደረገ። መጨረሻው እንደየምሽቱ ይለያያል። እዚያ ዝም ካልሽ ሥራሽን አልሠራሽም ማለት ነው።

መጠራቱን ላልሽው ብዙም አትፍሪ። እ.ኤ.አ. በ2005 ብሮድዌይ፣ ማለትም የኒውዮርክ ትልልቅ ቴአትር ቤቶች ሰፈር፣ የገባው ስለ ቃላት ፊደል አጻጻፍ ውድድር የሚያሳይ ሙዚቃዊ ቴአትር ለምሳሌ አራት ተመልካቾችን መድረክ ላይ ያወጣል፣ ግን ፈቃደኞቹ የሚመረጡት ትርኢቱ ሳይጀመር ነው። ድንገት ዓይናቸውን ቢጥሉብሽም ፈገግ ብለሽ ራስሽን ነቅንቂ፣ ልምድ ያለው ተዋናይ ወዲያው ወደ ሌላ ሰው ያልፋል። የፊተኛውን ረድፍና የመተላለፊያውን ጠርዝ ግን ተዪው። ድንገት ሲጠሩ ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው።

ድምፅ ክፍል፦
ለዓመታት ድምፅ ሳስተካክል ስለኖርኩ ስለ ጭብጨባው እኔ ልናገር። ዘፈኑ ሲያልቅ ይታወቅሻል። ሙዚቃው የመጨረሻውን ምት ይመታል፣ መብራቱ ይቀየራል፣ ተዋናዩ እጁን እንደዘረጋ ደርቆ ይቆማል። ያኔ አጨብጭቢ፣ አፏጪ፣ እልልም በይ። ቀጭን ድምፅ ገና በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ግን አደራ።

ከምቱ ጋር እኩል ማጨብጨብ ሌላ ጣጣ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከመድረኩ 34 ሜትር ርቀሽ ከተቀመጥሽ ሙዚቃው የሰከንድ አንድ አሥረኛ ዘግይቶ ይደርስሻል፣ ጭብጨባሽ ተመልሶ መድረክ እስኪደርስ ሌላ አንድ አሥረኛ። አንቺ ልክ ነኝ ትያለሽ፣ ተዋናዩ ግን ከምቱ ወደኋላ የቀረ ጭብጨባ ነው የሚሰማው። ለዚህ ነው ጆሮውን ትቶ የሙዚቃ መሪውን እጅ የሚከተለው፤ ብዙ አዳራሽ ውስጥ መሪው በስክሪን ይታየዋል። ስለዚህ እነሱ እጃቸውን ከፍ አድርገው እስኪጋብዙሽ ጠብቂ።

መግቢያ ላይ ኦርኬስትራው ብቻውን ሲጫወትም ወሬ ይቁም። እሱም የቴአትሩ አካል ነው።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቪዲዮውን ግን ሁላችሁም ዘለላችሁት 😅

ድምፅ ክፍል፦
አይሆንም። መቅረጽ ክልክል ነው፣ የባለመብቶች ጉዳይ አለበት። ስክሪንሽ ደግሞ በጨለማ ፊትሽን ያበራዋል፣ ከመድረክ ሲታይ በመቶዎች መካከል አንድ ሰማያዊ ፊት ማለት ነው። አንዳንዶቹ የመዝጊያውን ዘፈን ቅረጹ ብለው ራሳቸው ይናገራሉ፣ ያን ጊዜ እንደልብሽ። ካልተናገሩ ስልኩን ሙሉ በሙሉ አጥፊው። ንዝረት ላይ ማድረግ አይበቃም፣ ወንበሩን ያንጫርረዋል።

አትጨናነቁ፦
እህትሽ አሁንም መዝፈን ካማራት አብራችሁ ዝፈኑ የሚባሉ ልዩ ትርኢቶች አሉ። ትኬቱ ላይ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። በሌላውም ቢሆን ተዋናዮቹ ለስንብት ወጥተው እጅ ከነሱ በኋላ ብድግ በሉ የሚያሰኝ ጭፈራ ካመጡ፣ ያኔ ማን ከልክሏት።

ጠያቂዋ፦
አነበብኩላት። ትንሽ አኮረፈች። በመጨረሻ «ድምፅ አላወጣም፣ ከንፈሬን ብቻ ላንቀሳቅስ» ብላ ተስማማን።

ኋላ ወንበር፦
ከንፈርማ ይንቀሳቀስ። እኔስ ምን አደርጋለሁ ብለሽ ነው።