የልጄ የላይኛ የፊት ጥርሶች ከውስጥ በኩል ለምን ተሸረሸሩ?

ጥያቄ፦
ልጄ 15 ዓመቷ ነው። የጥርስ ሐኪሟ የላይኛ የፊት ጥርሶቿ ወደ ላንቃ በሚዞረው ገጽ በኩል ኢናሜላቸው (ጠንካራው የውጭ ሽፋናቸው) እንደሳሳ ነግሮን፣ የውስጥ ደዌ ሐኪምም እንዲያያት መክሮናል። ጥርሷን ጠዋትና ማታ ትቦርሻለች፤ ለስላሳ መጠጥም እምብዛም አትጠጣም። ከጥርስ ውጭ ያለ የጤና ችግር ይህን ሊያስከትል የሚችለው እንዴት ነው?

መልስ፦
ጉዳቱ ያለበት ቦታ ብዙ ይናገራል። ኢናሜል የአፍ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ የበረታ ነው) ወደ 5.5 ገደማ ሲወርድ ማዕድኑን ማጣት ይጀምራል፤ የጨጓራ አሲድ ደግሞ ከዚያ እጅግ የበረታ ሲሆን፣ ወደ አፍ በተደጋጋሚ ሲመለስ በመጀመሪያ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ እርስዎ የጠቀሱት ገጽ ነው። ቃር ባይሰማትም አሲዱ ሊመለስ ይችላል፤ በተለይ ሌሊት፣ አሲዱን የሚያለዝበው ምራቅ በሚቀንስበት ሰዓት። ጠዋት አፏን ይኮመጥጣታል? ድምፅዋ ይጎረንናል?

መልስ፦
ከላይ በተባለው ላይ ለመናገር የሚከብድ ነገር ልጨምር። በዚህ ዕድሜ ከምግብ በኋላ በድብቅ ማስመለስም ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል። ልጅዎ ላይ ይህ ደርሷል ማለቴ አይደለም፤ ሆኖም ከገበታ ተነስታ ወዲያው መጸዳጃ ቤት የምትገባ፣ ስለ ክብደቷ አብዝታ የምትጨነቅ ወይም ከጆሮዋ በታች ጉንጯ የሚያብጥ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ። ተደጋጋሚ ማስመለስ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ቀንሶ የልብ ምትን ሊያዛባ ስለሚችል ጉዳዩ ከጥርስ በላይ ነው። እባክዎ እንደ ጥፋተኛ አይመርምሯት፤ ከሐኪሙ ጋር ለብቻዋ የምትነጋገርበት ጊዜ ይሰጣት።

ጠያቂዋ፦
አመሰግናለሁ። ጠዋት ጠዋት ጉሮሮዋን ደጋግማ ስትጠርግ እሰማለሁ፤ ከቃር ጋር አያይዤው ግን አላውቅም። የአለርጂ መድኃኒትም ትወስዳለች።

መልስ፦
ሁለቱንም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ አንዳንድ የአለርጂ መድኃኒቶች ምራቅን ያደርቃሉ፤ ሆኖም ያለ ሐኪም ምክር አያስቋርጧት። እስከዚያው አሲድ ወደ አፏ ከመጣ በውኃ ትጉመጥመጥ እንጂ ወዲያው አትቦርሽ፤ የለሰለሰው ኢናሜል በብሩሽ ይፋቃልና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ትቆይ። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና የቀረውን ያጠናክራል፤ የጠፋው ኢናሜል ግን ተመልሶ ስለማያድግ የአሲዱን ምንጭ ማግኘት ከጥርስ ሙሌት መቅደም አለበት።