«ማኅበራዊ እንስሳ» የማን ቃል ነው?

ጥያቄ፦ «ሰው ማኅበራዊ እንስሳ ነው» የሚለው አባባል የአርስቶትል ነው ይባላል። ሌላ ቦታ ደግሞ «ፖለቲካዊ እንስሳ» ተብሎ አነበብሁ። የትኛው ነው ትክክሉ? «እንስሳ» የሚለውንስ ምን እናድርገው? አባቴ ፊት ብናገረው ስድብ ነው የሚመስላቸው።

ምላሽ፦ የአርስቶትል ቃል «ዞኦን ፖሊቲኮን» ነው። «ፖሊስ» ለግሪኮች ከተማም መንግሥትም ነው (እኛ ዘንድ ሲደርስ ዱላ ያዘ እንጂ ሥሩ አንድ ነው)። ስለዚህ ተግባቢ ማለቱ ሳይሆን፣ ሰው ተፈጥሮው በሕግ በሚተዳደር ከተማ መኖር ነው ማለቱ ነው። የሞርቤኬው መነኩሴ ዊልያም እ.ኤ.አ. በ1260 ገደማ የአርስቶትልን «ፖለቲካ» የተባለ መጽሐፍ ወደ ላቲን ሲመልስ «አኒማል ሲቪሌ» አለው፤ «ሲቪስ» ዜጋ ነው። «ሶሲያሌ»፣ ማለትም ማኅበራዊ፣ የሚለውን ጨምሮ «ማኅበራዊና ፖለቲካዊ» ያለው የዚያው ዘመን የካቶሊክ ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ ነው። ቃሉ ግን አዲስ አልነበረም፤ ሮማዊው ሴኔካ ቀድሞ ተጠቅሞበታል።

ጭማሪው ለጌጥ አይመስለኝም። የጥንቱ የላቲን ቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስ ሰው በሰው ላይ ጌታ መሆኑን ከኃጢአት ጋር አያይዞት ነበር፤ እግዚአብሔር ሰውን የሾመው በአራዊት ላይ እንጂ በሰው ላይ አይደለም ይላል። አኩዊናስ ባርነቱን ለኃጢአት ትቶ አመራርን ለየው፦ አዳም ባይበድል እንኳ ሰዎች አብረው ይኖሩ ነበር፤ ብዙዎች አብረው ሲኖሩ ደግሞ የጋራውን ጥቅም የሚያይ መሪ ያስፈልጋቸዋል። ገነት ውስጥ አስተዳደር! ለዚህ ክርክር መነሻ የሆነችው ያቺው «ማኅበራዊ» ናት።

ሌላ ምላሽ፦ ስለ «እንስሳ» አባትህ ልክ ናቸው። በአማርኛ እንስሳ ሲባል በሬና በግ ነው የሚታየን፤ «ዞኦን» ግን ሕያው፣ ነፍስ ያለው ሁሉ ነው። ሊቃውንቶቻችን የሰውን ነፍስ «ነባቢት»፣ ማለትም ተናጋሪ፣ ይሏታል፤ አርስቶትልም ሰው ከንብ ይልቅ ፖለቲካዊ የሆነው ንግግር ስላለው ነው ይላል። አኩዊናስም በምሳሌ ያስረዳል፤ ውሻ በመጮህ ቁጣውን ያሳውቃል፣ ሰው ግን ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ ለሌላው ይገልጣል። «በጠባዩ ከተሜ የሆነ ሕያው» ብንለውስ?

ጠያቂው፦ «ከተሜ» ካልሁማ የገጠር ዘመዶቼ አይምሩኝም። «ፖለቲካዊ ፍጡር» ልበለው?

ምላሽ፦ ለአኩዊናስ ይሆናል። አርስቶትል ግን ዓለም መጀመሪያ የለውም ባይ ነው፤ «ፍጡር» ካልኸው ሳታስበው ክርስትና አነሣኸው።