የእቁብተኛን የፍርድ ቤት መዝገብ በስልክ መፈለግ፦ ማጣራት ነው ወይስ ገበና ማውጣት?

አወያይ፦ ነገሩን ለማታውቁት፦ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያለ አንድ እቁብ ሊገባ የመጣን ሰው «መዝገብህ ጥሩ አይደለም» ብሎ መለሰው። የእቁቡ ዳኛ ስሙን የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች ኬዝ ሰርች (የክስ መዝገብ በስም የሚፈለግበት ድረ ገጽ) ላይ አስገብቶ ያገኘውን ስክሪንሹት ለአባላቱ በትኗል። ጥያቄው፦ ማንም ሰው ስም ጽፎ የሌላውን መዝገብ ማየት መቻል አለበት? ስድብ የለም፣ የሰውዬው ስም አይጠራ።

የሌላ እቁብ ዳኛ፦ ያ ዳኛ እኔ አይደለሁም፣ ግን እኔም አያለሁ። መጀመሪያ ደርሶት የጠፋ ሰው ዕዳ ማን ላይ እንደሚወድቅ ታውቃላችሁ? እኔ ላይ። አገር ቤት ሰው በሰፈሩ፣ በዕድሩ፣ በዋሱ ይታወቃል። እዚህ ዋሱም ትናንት የመጣ ነው። ኬዝ ሰርች በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2006 ጀምሮ ለሁሉም በነፃ የተከፈተ ነው፤ ሰርቄ አላየሁም።

ነርሷ፦ ማየትህን ማን ከለከለህ? ለግሩፕ መበተኑ ግን ምን ይሉታል?

የሕግ ቢሮ ሠራተኛ፦ ስክሪንሹቱ እኔም ጋ ደርሷል። ሁሉም ያነበበው የላይኛውን ነው፤ ከሳሽ ስቴት ኦፍ ሜሪላንድ፣ ተከሳሽ እገሌ። ታች ወረድ ብሎ ውጤቱ «ኖሌ ፕሮሴኳይ» ይላል። ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ክሱን ትቶታል ማለት ነው። ያልተፈረደበትን ሰው ነው የፈረዳችሁበት። ከጥቅምት 2021 ወዲህ ለተከፈቱ እንዲህ ላሉ ክሶች ሕጉ ክሱ ከተዘጋ ከ3 ዓመት በኋላ መዝገቡ በራሱ ይሰረዝ ይላል። የቆየ ክስ ያለበት ግን ራሱ ማመልከት አለበት። ስንቱ ያውቃል?

ኡበር ነጂ፦ መጀመሪያ ነገር ሰውዬው እሱ ነው ወይ? መሐመድ አህመድ ብላችሁ ፈልጉና ስንት እንደሚመጣ እዩ። በሌላ በኩል ደግሞ ጸጋዬ በቲ ይጻፍ በቲ ኤስ፣ እንደ ኢሚግሬሽኑ ጸሐፊ ነው። በአንዱ ፈልገህ ባዶ ሲመጣ «ንጹሕ ነው» ትላለህ፣ ክሱ በሌላኛው ተቀምጧል። 😂

የሌላ እቁብ ዳኛ፦ እኔ የትውልድ ዘመንና አድራሻ አመሳክራለሁ። ደግሞስ እኛ ላይ ብቻ ምን አመጣው? አሠሪውም አከራዩም ያያል።

የሕግ ቢሮ ሠራተኛ፦ ያያል፣ ግን ግዴታ አለበት። አሠሪ በአጣሪ ኩባንያ በኩል ሲያስጠና በፈረንጅ 1970 የወጣው የፌዴራል ሕግ ፈቃድህን በጽሑፍ ያስጠይቀዋል። በሪፖርቱ ምክንያት ሊከለክልህ ካሰበም አስቀድሞ ቅጂውን ሊሰጥህ ይገባል። «ይሄ እኔ አይደለሁም» የምትልበት ጊዜ ታገኛለህ። የእናንተ ሰው ስክሪንሹቱን ያየው ከተመለሰ በኋላ ነው።

ከኦስሎ፦ እዚህ ኖርዌይ የሁሉም ሰው ገቢ፣ ሀብትና የከፈለው ግብር በስም ተፈልጎ ይታያል፤ የጎረቤትህም የሚኒስትሩም። ግን በራስህ መታወቂያ ነው የምትገባው። በፈረንጅ ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ማን እንደፈለገህ አንተም ታያለህ። ያን ዓመት ፍለጋው በአንዴ አሽቆለቆለ። ሰው የሚያፍረው መታየቱን ሳይሆን ሲያይ መያዙን ነው ለካ። ሜሪላንድም እንዲህ ብታደርግ ግማሹ ክርክር ይቀራል።

ነርሷ፦ አይቀርም! ወንድ ነህ መሰለኝ። አንዲት ሴት ልታገባው ያለውን ሰው የቀድሞ ሚስቱ እንዳይጠጋት የፍርድ ቤት የጥበቃ ትእዛዝ አውጥታበት እንደሆነ ማየት ትፈልጋለች። «እገሊት ፈልጋሃለች» የሚል መልእክት ማታ ሲደርሰው ምን የሚያደርጋት ይመስልሃል? ሽማግሌ እንደሆነ «ጨዋ ልጅ ነው» ከማለት ሌላ አያውቅም። የኔ ጠብ ከበታኙ ጋር ነው እንጂ ከመዝገቡ ጋር አይደለም።

ከኦስሎ፦ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ለገቢ ልክ የሆነው ለፍርድ ቤት ላይሆን ይችላል።

ከአዲስ አበባ፦ እኛ ጋ በስም የሚፈለግ እንዲህ ያለ ነገር የለም ብላችሁ አትናቁን። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ውሳኔዎች በቅጽ በቅጽ ታትመው ኢንተርኔት ላይ አሉ። ፍቺ ሳይቀር ከነሙሉ ስሙ፦ አመልካች ወይዘሮ እገሊት፣ ተጠሪ አቶ እገሌ፣ ቤቱ እንዴት እንደተካፈለ። የሕግ ተማሪ የሚፈልገው የሕግ ትርጉሙን ነው፤ ስሙ ምን ይሠራለታል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ግልጽ ችሎት፣ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት ይላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁም በእኛ አቆጣጠር በ2016 ወጥቷል። ስሙን በፊደል መተካት ቀላል ነበር።

የሌላ እቁብ ዳኛ፦ ለፍቺ እስማማለሁ። ለገንዘብ ግን አልስማማም። አበዳሪ ከስሶት የተፈረደበትን ዕዳ ማወቅ አለብኝ። ስሙ በፊደል ከተተካ እኔ ምን አየሁ?

ነርሷ፦ እሺ እይ። ግን ልጁ ፊትህ ተቀምጦ፣ ስልኩን አብራችሁ እያያችሁ፣ ያስረዳህ። ከዚያ ብትመልሰውም ምክንያቱን ያውቃል።

የሌላ እቁብ ዳኛ፦ ይሄን አደርገዋለሁ። ስክሪንሹትም አላነሣም። ዋስ ግን አልተውም፣ ሁለት ዋስ።

ኡበር ነጂ፦ የዋሶቹንስ ስም ልትፈልግ ነው? 😂

የሌላ እቁብ ዳኛ፦ እንዴታ!