ፋኑ በኤሲ ይነሳል፣ በሙቀት ግን አይነሳም፤ ምን ልፈትሽ?

ሰላም ለሁላችሁ። የመኪና ኤሌክትሪክ የምታውቁ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ አንድ ነገር በሉኝ። መኪናዬ ባለ 1300 ሲሲ የቤንዚን አውቶማቲክ ናት፣ ያላት የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፋን አንድ ብቻ ነው። በአዳማ ፈጣን መንገድ ስሄድ የሙቀት ጌጁ ከመሃል ንቅንቅ አይልም። ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት ትራፊክ ሲይዘኝ ግን ቀስ እያለ ቀዩ ጋ ይደርሳል፤ ፋኑ ዝም! ኤሲ ስከፍት ወዲያው ይነሳል፣ ጌጁም ይወርዳል። እናም በሐምሌ ብርድ ኤሲ ከፍቼ ነው የምነዳው፤ ባለቤቴ ልታብድ ነው።

ፊውዙ ደህና ነው። ፋኑን በቀጥታ ከባትሪ ሳገናኘው ይዞራል። ሪሌውን (የፋኑን ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋውን) ከጎኑ ካለው ተመሳሳይ ጋር ቀያየርኩት፣ ለውጥ የለም። አንድ መካኒክ «ቴርሞስታቱ ነው» ብሎ ይህን ውሃ ወደ ራዲያተር የሚያሳልፍ ቫልቭ አውልቆ ጣለው፤ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ጠዋት ሞተሩ ቶሎ አለመሞቁ ነው። ሌላው ደግሞ ቴስታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይውረድ አለኝ። ውሃ አትጎድልም፣ ዘይቱ ቡና በወተት አልመሰለም፣ ነጭ ጭስም የለም። ታዲያ ለምን ብዬ ላስወርድ?

እኔ የጠረጠርኩት ፋኑን በሙቀት የሚያስነሳውን ሴንሰር ነው። ራዲያተሩ ታች ባለ ሁለት ሽቦ ሶኬት አለ። ነቅዬ ሁለቱን ሽቦ ባገናኛቸው ጉዳት አለው? ወይስ በአንዳንድ መኪና እንደሚሆነው ነቅሎ መተው ብቻ ፋኑን ያስነሳዋል?

አዲስ ሴንሰር ከገዛሁስ የስንት ዲግሪ ልጠይቅ? በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ፋኑ ሳይነሳ እንዳይፈላብኝ ሰግቻለሁ።

ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ለቅሶ አለብኝ፤ ከዚያ በፊት ብትመልሱልኝ።