ሲያትል ወደብ፦ ቀጣሪው ማነው? በሩ ላይ የቆመውስ ፖሊስ ነው ወይስ ጥበቃ?

ኬንት_206
ሰላም ወገኖች። ወንድሜ ሲዲኤል ክላስ ኤ (የከባድ ተሳቢ መኪና መንጃ ፈቃድ) አለው፤ ሲያትል ወደብ ካለችው ከሐርቦር አይላንድ ኮንቴይነር እየጫነ መሥራት ይፈልጋል። እህቴ ደግሞ የወደብ ፖሊስ ለመሆን ታስባለች። ሁለቱም ግሪን ካርድ ነው ያላቸው። የፖርት ኦፍ ሲያትልን ድረ ገጽ ቢያገላብጡም የመርከብ ጭነት ሥራ የሚል ማስታወቂያ አንድም አላገኙም። ለመሆኑ ወደቡ ላይ የሚቀጥረው ማነው? በሩ ላይ መታወቂያ የሚጠይቀውስ ፖሊስ ነው? ወደብ ግቢ የሚያስገባው የፌዴራል መታወቂያ፣ ቲዊክ ካርድ፣ በግሪን ካርድ ይወጣል?

ዶክ_ሳይድ
ማስታወቂያ ያጡት ፖርቱ ለዚያ ሥራ ስለማይቀጥር ነው። ፖርት ኦፍ ሲያትል በ1911 በኪንግ ካውንቲ መራጮች ድምፅ የተቋቋመ የሕዝብ ድርጅት ነው። በኮንቴይነር ተርሚናሎቹ ላይ ግን በዋናነት አከራይ ነው፤ መሬቱና መርከብ ማቆሚያው የእሱ፣ ሥራውን የሚያንቀሳቅሰው የተከራየው የግል ኩባንያ። ከ2015 ወዲህ የሲያትልንና የታኮማን የኮንቴይነር ሥራ በጋራ የሚመራው ኖርዝዌስት ሲፖርት አላያንስ ነው። ፖርቱ ራሱ የሚቀጥራቸው ሰዎች በብዛት ያሉት ሲታክ ኤርፖርት ነው፤ ኤሌክትሪሻን፣ እሳት አደጋ፣ ፖሊስ፣ የቢሮ ሠራተኛ።

መርከብ የሚያራግፉትና ክሬን የሚነዱት የወደብ ሠራተኞች ዩኒየን የአይኤልደብሊውዩ ቅርንጫፍ፣ የሎካል 19 ሰዎች ናቸው። የሚመደቡት ዩኒየኑና የአሠሪዎቹ ማኅበር ፒኤምኤ በጋራ በሚመሩት የስምሪት አዳራሽ በኩል ነው። አዲስ ሰው የሚጀምረው በካዡዋልነት (ቋሚ ባልሆነ ሠራተኛነት) ነው። ምዝገባው ለዓመታት ሳይከፈት ሊቆይ ይችላል፤ ሲከፈትም ዕጣ አለው። ዕጣ የወጣለትም ቋሚዎቹ ያልወሰዱትን ፈረቃ ነው የሚያገኘው፣ ተመዝግቦ አባል እስኪሆን ድረስ። ስለዚህ «ክፈሉኝና ዶክ ላይ አስገባችኋለሁ» የሚል ደላላ ቢመጣ አንድ ሳንቲም እንዳትሰጡት።

ወንድምህ የሚቀጠረው በማጓጓዣ ኩባንያ ነው፣ ወይም የራሱን መኪና ይዞ በኮንትራት ይሠራል። የሚያስፈልገው ቲዊክ ነው።

ቲዊክ_ነክ
ቲዊክ በግሪን ካርድ ይወጣል። ጥገኝነት የተፈቀደለትና በስደተኛነት የገባ ሰውም ማውጣት ይችላል። ጥገኝነት ጠይቆ ገና መልስ የሚጠብቅ ግን የሥራ ፈቃድ ስላለው ብቻ አያገኝም። እዚህ ላይ ብዙ ወገን ብሩን ከፍሎ ይከለከላል፤ ክፍያው ደግሞ አይመለስም።

መጀመሪያ ኦንላይን ቅጹን ሞልቶ ቀጠሮ ይያዝ፣ ከዚያ በአካል ቀርቦ አሻራና ፎቶ ይስጥ። ዋጋው ወደ 125 ዶላር ነው፤ ካርዱ 5 ዓመት ያገለግላል። መንጃ ፈቃዱ ላይ ሃዝማት (አደገኛ ጭነት የማጓጓዝ ፈቃድ) ያለው ሰው የጀርባ ምርመራው ስለተሠራለት ቅናሽ አለው። ካርዱን የሚሰጠው የፌዴራል የትራንስፖርት ጸጥታ መሥሪያ ቤት፣ ቲኤስኤ፣ ራሱ ቢያንስ ከ60 ቀን በፊት አመልክቱ ይላል፤ «ሰኞ ሥራ ጀምር» ተብሎ ዓርብ ማመልከት አያዋጣም።

እኛን ከሁሉ በላይ የሚያዘገየን የስም ጉዳይ ነው። ግሪን ካርዱ ላይ የአያት ስም አለ፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ የአባት ብቻ፤ ወይም «ኃይለ» እና «ማርያም» አንዱ ላይ ተያይዞ አንዱ ላይ ተለያይቶ ይጻፋል። ኦንላይን የሞላው ስም ይዞት ከሚሄደው ማስረጃ ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም። ካልገጠመ ቀጠሮው ላይ ይመልሱታል። ቀድሞ መንጃ ፈቃዱን ማስተካከል ይሻላል።

የቆየ ክስ ካለ፦ ግድያ፣ ስለላና ሽብርን የመሳሰሉት ለዘለቄታው ያስከለክላሉ። ሌሎቹ ከባድ ወንጀሎች ደግሞ የሚታዩት ጥፋተኛ ከተባለ 7 ዓመት፣ ወይም ከእስር ከወጣ 5 ዓመት ካልሞላው ነው። የመከልከያ ደብዳቤ ቢደርሰው ይግባኝ ለማለት 60 ቀን አለው። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከቶ ጊዜውን ማሳለፍ መብትን መጣል ነው።

ሕግ_አንባቢ
በሩ ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ የተርሚናሉ ጥበቃ ነው እንጂ ፖሊስ አይደለም። የሚሠራው ኮስት ጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጥበቃ) ባጸደቀው የተቋሙ የጸጥታ ዕቅድ መሠረት ነው፤ ይህም በ2002 ከወጣው የባሕር ትራንስፖርት ጸጥታ ሕግ የመጣ ነው። ካርድ ይጠይቃል፣ መኪና ይፈትሻል፣ አትገባም ይላል። የጸጥታ ደረጃው ከ1 ወደ 2 ከፍ ካለ ፍተሻው ይጠብቃል፣ ሰልፉም ይረዝማል። ጥበቃው ያላግባብ ከለከለኝ የሚል ሾፌር አቤቱታውን ለተርሚናሉ የጸጥታ ኃላፊ ነው የሚያቀርበው። ፖሊስ ጠርቶ በሩን ማስከፈት አይቻልም።

ኮንቴይነር የሚይዘው ደግሞ ጉምሩክ፣ ማለትም ሲቢፒ ነው። መውጫው ላይ የጨረር መፈተሻ አለ፤ ሴራሚክና የድመት አሸዋ እንኳ ያስጮኹታል። ሾፌሩ ሆስፒታል የጨረር መድኃኒት ተሰጥቶት ከሆነም ይጮኻል፣ ስለዚህ የሐኪም ወረቀት ይያዝ።

የፖርት ኦፍ ሲያትል ፖሊስ ግን ሙሉ ፖሊስ ነው። የዋሽንግተን ስቴት ሕግ 53.08.280 የወደብ ድርጅቶች ፖሊስ እንዲሾሙ ይፈቅዳል። ዋና ሥራቸው ኤርፖርቱ ነው፤ የፖርቱን የባሕር ይዞታዎችም ይጠብቃሉ። ኤርፖርት ላይ ሻንጣ የሚፈትሸው ቲኤስኤ ከነሱ የተለየ ነው። አዛዡ ከሥራ አስፈጻሚው በታች ነው፤ ሥራ አስፈጻሚውን የሚሾሙት ሕዝብ የመረጣቸው 5 ኮሚሽነሮች ናቸው። ኒው ዮርክና ኒው ጀርሲ ላይ 12ቱን ኮሚሽነሮች የሚሾሙት ሁለቱ ገዥዎች ናቸው። የኛ የተሻለ ነው ባይ ነኝ፤ ፖሊሱ ላይ ቅሬታ ያለው ሰው በስብሰባቸው ተመዝግቦ ፊት ለፊት መናገር ይችላል፣ ዜጋ ከሆነም በድምፁ ያወርዳቸዋል።

ለእህትህ፦ በዋሽንግተን ሕግ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ፖሊስ መሆን ይችላል። የጽሑፍና የአካል ብቃት ፈተና፣ ቃለ መጠይቅ፣ የጀርባ ምርመራ፣ ፖሊግራፍ (የውሸት መመርመሪያ)፣ የሥነ ልቦና ምርመራ አለ፤ ካለፈች ቡሪየን 720 ሰዓት ሥልጠና ትገባለች። ብዙ ሰው የሚወድቀው ፖሊግራፍ ላይ ሳይሆን ቅጹ ላይ በደበቀው ነገር ነው። የቀድሞ መሥሪያ ቤት፣ የትራፊክ ቅጣት፣ የኖረችበት አድራሻ ሁሉ ይጻፍ።

ኬንት_206
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ልጨምር፦ ወንድሜ ቲዊኩን ይዞ ኤርፖርት ካርጎ መግባት ይችላል?

ቲዊክ_ነክ
በቲዊክ ብቻ አይገባም። አውሮፕላን ያለበት ክልል የሚገባው በሲዳ ባጅ ነው። ቲዊክን በራሱ ማመልከት ይችላል፤ ሲዳን ግን አሠሪው ነው የሚያስወጣለት። የወንጀል ታሪኩም 10 ዓመት ወደ ኋላ ይታያል፣ ስለዚህ ለቲዊክ ያለፈ ሰው እዚያ ሊያዝ ይችላል። ሥራውን ሲለቅ ባጁን ወዲያው ይመልስ።