የመኪናዬ ስክሪን ኢንተርኔት ለሌላ ስልክ አልደርስ አለ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ፣ ወንድሞችና እህቶች። ከደሴ ኮምቦልቻ በምሠራበት ሚኒባስ ላይ ሲም ካርድ የሚቀበል የአንድሮይድ ስክሪን አለ። ስክሪኑ ራሱ ኢንተርኔቱን አሳምሮ ይጠቀማል፤ ካርታ ይከፍታል፣ ቪዲዮም ያጫውታል። የሚቸግረኝ በዋይፋይ ላካፍል ስል ነው። ሆትስፖቱን ስከፍት ስልኮች ስሙን ያገኙታል፣ የይለፍ ቃሉ ይሠራል፣ በ192.168.43 የሚጀምር አድራሻም ይሰጣቸዋል። ከዚያ «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» የሚል ጽሑፍ ይመጣና ነገሩ እዚያው ይቆማል።

የሐረጎ ቁልቁለት ኔትወርኩን ቆራርጦት ነው እንዳልል፣ ደሴ ፒያሳ ቆሜም ያው ነው። ሲሙን አውጥቼ ስልኬ ውስጥ ሳስገባው ደግሞ ሆትስፖቱ ያለ አንዳች እንከን ይሠራል። ስለዚህ ሲሙንም ጥቅሉንም አልጠረጥርም፤ የምጠረጥረው የስክሪኑን ቅንብር ነው። በኤፒኤን (መሣሪያው በሲሙ በኩል ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝበት ቅንብር) ውስጥ «የኤፒኤን ዓይነት» በሚለው ቦታ «ዲፎልት» ብቻ ተጽፏል። አንዳንድ መሣሪያዎች ኢንተርኔት ለማካፈል «ዲዩኤን» የሚለው እንዲጨመር ይፈልጋሉ፤ ልጨምር ስል ግን ቦታው ደብዝዞ አልነካ ይላል።

ከተሳፋሪዎቼ ብዙዎቹ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። መንገድ ላይ ማስታወሻቸውን ቢያወርዱ ደስታዬ ነው፤ ከልቤ የምፈልገው ነገር ነው።

ይህ የተቆለፈ ቦታ የሚከፈትበትን መንገድ የምታውቁ አላችሁ? አዲስ ኤፒኤን ብፈጥር ይበቃል ወይስ ሶፍትዌሩ መቀየር አለበት? ስክሪኑ የኋላ ካሜራውንም ስለሚያሳይ ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫኑን እፈራለሁ። በእጁ የሞከረው ሰው ቢመልስልኝ ትልቅ ውለታ ነው።