የአቴንስ ገበሬ እርሻውን ለማን ጥሎ ነው ምክር ቤት የሚቀመጠው? እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ታሪክ የምታውቁ ሰዎች እስቲ ድረሱልኝ። ስለ ጥንታዊት አቴንስ አስተዳደር ፕረዘንቴሽን እየሰራሁ ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ግን ፍንክች አልል አለኝ። የአቴንሱ መሪ ክሌይስቴንስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ508 አካባቢ ዜጋውን በ10 ጎሳ እንደከፈለው፣ ከየጎሳው 50 50 ሰው በዕጣ እየወጣ የ500 ሰው ምክር ቤት እንደሚሆን፣ ዕድሜው 30 የሞላ ወንድ ብቻ እንደሚገባና በሕይወቱ ከሁለት ጊዜ በላይ እንደማይደገም ገብቶኛል (ሴቱ፣ ባሪያው፣ መጤው ድምፅ የለውም፣ ዲሞክራሲ ሲሉት ነው እንግዲህ)።

ግን ማራቶን ያለው ገበሬስ? ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እኮ ነው፣ በእግር ወይ በአህያ! ዕጣው ሲወጣለት ወይራውንና ገብሱን ማን ይይዝለታል? ያውም የጎሳው ተራ ሲደርስ 50ዎቹ የዓመቱን አንድ አስረኛ ቶሎስ የሚባል ክብ ቤት ውስጥ በመንግስት ወጪ እየበሉ ተረኛ ይሆናሉ፣ ሲሶዎቹ ደግሞ እዛው ያድራሉ። ለፍርድ ቤት ዳኞች አበል ፔሪክልስ የሚባለው የአቴንስ መሪ ጀምሮታል፣ በኋላ ክሌዎን የሚባል ሌላ ፖለቲከኛ በቀን 3 ኦቦል (ትንሽ ሳንቲም ነው) አድርሶታል፣ ፕኒክስ ኮረብታ ላይ ለሚሰበሰበው የዜጎች ጠቅላላ ጉባኤ ግን ክፍያ የመጣው ከስፓርታ ጋር የተደረገው የፔሎፖኔዝ ጦርነት ካለቀ በኋላ ነው። እና ከዛ በፊት ድሃው ምን በልቶ ይሰበሰብ ነበር? የኔ ግምት ወንበሩን የሚሞሉት ባሪያ ያላቸውና ከተማው አጠገብ የሚኖሩት ናቸው የሚል ነው፣ ግን ማስረጃ የለኝም።

ስለዚህ የሚያውቅ ካለ ከድንጋይ ጽሑፍም ይሁን ከቁፋሮ የሚጠቀስ ነገር ጠቁሙኝ። የስፓርታውን፣ ሁለቱን ንጉሦች፣ 28ቱን ሽማግሌዎችና 5ቱን ኤፎሮች (በየዓመቱ የሚመረጡ ሹማምንት) ጨርሻለሁ፣ እሱን ተዉት።